«አላታ» ተብሎ የሚሸጠው ኔፔንተስ ማን ነው? የአንድ የተሳሳተ መለያ ጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ትልልቅ የግንባታና የቤት ዕቃ መደብሮች የአትክልት ክፍል ውስጥ፣ ከኦርኪዱና ከቁልቋሉ ጎን፣ በፕላስቲክ መንጠቆ የተሰቀለ፣ ኔፔንተስ የሚባል ነፍሳት በል ተክል ማግኘት ቀላል ነው። ከቅጠሎቹ ጫፍ ክር የመሰለ ጅማት ይወርዳል፤ ጅማቱ መጨረሻ ላይ ክዳን ያለው ገንቦ ተንጠልጥሏል። አፈሩ ላይ የተሰካችው ካርድ «ኔፔንተስ አላታ» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ካርዷ ተሳስታለች። የተሸጠው ኔፔንተስ ቬንትራታ የሚባለው ዲቃላ ነው፤ አንዱ ወላጁ ኔፔንተስ ቬንትሪኮሳ፣ ሌላው ደግሞ ለረጅም ዘመን «አላታ» ሲባል የኖረ የፊሊፒንስ ተክል ነው።

ይህ ጥናት ያንን አንድ ተክል ከመደብሩ መንጠቆ ተነስቶ ይከተላል፦ ስሙ የት ላይ እንደሳተ፣ በእጅ የያዙትን ተክል እንዴት መመርመር እንደሚቻል፣ ምርመራውስ ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ።

ስሙ የሳተበት ቦታ

በመደብሩ ሠራተኛ ላይ መፍረድ ይቀላል፤ ስህተቱ ግን ተክሉ መደብሩ በር ላይ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ የተሠራ ነው። ለጅምላ ገበያ የሚቀርቡት ኔፔንተሶች በአብዛኛው በቲሹ ካልቸር የተባዙ ናቸው። ከአንዲት እናት ተክል የተወሰደ ቅንጣት በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ እየተከፋፈለ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ችግኞች ይሆናል። ችግኙ ወደ አሳዳጊ ችግኝ ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያ ለወራት ያድግና ካርድ ተሰክቶበት በአከፋፋይ በኩል መደብር ይገባል። በየእርከኑ ከስሙ ላይ የሆነ ነገር ይረግፋል። መጀመሪያ የዲቃላነት ምልክቱ ይወድቃል፣ ቀጥሎ የአንዱ ወላጅ ስም ይቀራል፣ አንዳንዴም መጨረሻ ላይ «ፒቸር ፕላንት» ወይም «መንኪ ካፕስ» ብቻ ይተርፋል።

ካርዷ የታተመችው ለገዥው ስለ ብርሃንና ውሃ ለመንገር፣ ለገንዘብ ተቀባዩም ባርኮድ ለመስጠት ነው። ለአንድ አሳዳጊ፣ ለአምስት ዓይነት ዲቃላ አምስት ካርድ ከማሳተም አንዷን ለሁሉም መሰካት ይረክሰዋል። ስለዚህ ካርዷ ላይ ያለውን ስም እንደ ጥቆማ መውሰድ እንጂ እንደ ማስረጃ መቁጠር አይገባም። ቢሆንም አትጣል። ከጀርባዋ ያለው የአሳዳጊው ኮድና የማጣቀሻ ቁጥር ከፊቷ ስም ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ያ ኮድ ያለባቸው ሌሎች ተክሎች ምን ሆነው እንደተገኙ ማነጻጸር ይቻላልና። ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ስሙ ቢሳሳት ምን ይጎዳል? መስኮቱ ላይ አንድ ተክል አስቀምጦ ለሚደሰት ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ቬንትራታ ከኔፔንተሶች ሁሉ ቻይ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ የተሳሳተው ስም እንደውም ገዥውን ይጠቅመዋል። ጣጣው የሚመጣው ተክሉ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ሲጀምር ነው። ኔፔንተስ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ተክሎች ናቸው፤ ዘር ለማግኘት ሁለት ተክል ያስፈልጋል። አንዱ «ንጹሕ አላታ» ተብሎ የተገዛ ቬንትራታ ከሆነ፣ የሚወለዱት ችግኞች በሙሉ በውሸት የዘር ሐረግ ይሰራጫሉ። ከዚያ በኋላ በመልክ ብቻ ማጥራት በጣም ይከብዳል።

ከምርመራው በፊት

ከመደብር እንደመጣ ተክሉን ለመለየት መሞከር የተለመደ ጥፋት ነው። መደብር ውስጥ አየሩ ደረቅ፣ ብርሃኑም ደካማ ስለሆነ ገንቦዎቹ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ከንፈራቸው (የአፋቸው ጠርዝ) ይጨማደዳል፣ ክዳናቸው ይጠቀለላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙዎቹ ገና ልጅ ናቸው። ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ገንቦ ያለው ችግኝ የየትኛውም ዝርያ ቢሆን ከሌላው ጋር ይመሳሰላል፤ በዚያ ዕድሜ ላይ ስም መስጠት ግምት ነው።

መጀመሪያ ተክሉ ቤቱን ይልመድ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን አፈሩ ላይ ተጠራቅሞ ሥሩን ስለሚጎዳ፣ የዝናብ፣ የዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ወይም በአር ኦ ማጣሪያ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ይሰጠው። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ ርካሽ የቲዲኤስ መለኪያ ካለ፣ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች የሚያነብ ውሃ አስተማማኝ ነው። መትከያው ለውጥ ካስፈለገው ረጅም ጭረት ያለው ስፋግነም ሞስ (የረግረግ ሽበት) እና ፐርላይት (ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል በእኩል መቀላቀል በቂ ነው፤ ተራ የአበባ አፈርና ማዳበሪያ የገባበት ድብልቅ አይሆንም። ሞሱ እርጥብ ይሁን እንጂ መትከያው ውሃ ውስጥ አይቀመጥ። ዝንብ በቅጠሉ እንደሚይዘው ቬነስ ፍላይትራፕ ተክል ሳህን ላይ ውሃ አቁሮ መተው ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ ደማቅ ብርሃን ያለበት መስኮት ቢያገኝ ይበቃዋል።

የመጡት ገንቦዎች አንድ በአንድ ቢደርቁ መደንገጥ አይገባም፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉ ደህና ነው። ሲጓጓዝ ፈሳሹ የፈሰሰበት ገንቦ ውስጥ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሞላ የተጣራ ውሃ መጨመር ይቻላል። ሥጋ መክተት ግን ገንቦውን ያበሰብሰዋል እንጂ አይጠቅመውም። አዲሶቹ ገንቦዎች ተከፍተው ከንፈራቸው ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ምርመራው የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው፤ ቢያንስ በሦስቱ ላይ፣ ምክንያቱም አንድ ገንቦ በቀላሉ ያታልላል።

ምርመራው

ከቅጠሉ ሥር መጀመር ይሻላል። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ገንቦው ይሄዳል፤ ገንቦ ግን በብርሃን፣ በሙቀትና በዕድሜ ይለዋወጣል፤ የቅጠሉና የግንዱ መጋጠሚያ ከዚያ ይልቅ የጸና ነው። በአላታ ወገን (በዚህ ስም ሲጠሩ በኖሩት ተክሎች) ቅጠሉ ግንዱን ከመንካቱ በፊት ይጠባል፤ በግራና በቀኝ ቀጭን ክንፍ ያለው፣ ግልጽ የሆነ እግር አለው። ቬንትሪኮሳ እግር የለውም፤ ቅጠሉ እንደ ቀበቶ ወርዱን ይዞ መጥቶ ግንዱን ያቅፋል። በጉዳያችን ተክል ላይ የሚታየው መካከለኛው ነው፦ ቅጠሉ ወደ ሥሩ ሲቃረብ ቀስ እያለ ይጠባል፣ ነገር ግን «እግሩ ከዚህ ይጀምራል» የሚባልበት ቦታ የለም፤ መጨረሻውም ግንዱን ያቅፋል። ይህ ብቻውን ንጹሕ አላታነትን በብርቱ ያጠራጥራል።

ቀጥሎ ገንቦው። በመጀመሪያ የታችኛው ነው ወይስ የላይኛው የሚለውን መለየት ግድ ነው፤ አንድ ተክል ሁለት ዓይነት ገንቦ ያወጣልና። ታችኛው ከመሬት አቅራቢያ የሚወጣው ወፍራሙ ነው፤ ጅማቱ ከገንቦው ፊት፣ ማለትም ክንፎቹ ባሉበት በኩል ይገባል። ላይኛው ግንዱ መውጣት ሲጀምር የሚመጣው ቀጭኑ ሲሆን፣ ጅማቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ተጠምዝዞ ከጀርባ በኩል ይገባል። የአንዱን ተክል ላይኛ ገንቦ ከሌላው ታችኛ ጋር አስተያይቶ «አይመሳሰሉም» ማለት በዚህ ሥራ ላይ የተደጋገመ ስህተት ነው።

የታችኛውን ገንቦ ከጎን ይመልከቱት። የቬንትሪኮሳ ገንቦ መሐሉ ላይ ጠበቅ ያለ ወገብ አለው፤ ከላይና ከታች ያበጠ ነው። በአላታ ወገን የታችኛው ሢሶ አካባቢ ያብጣል፣ ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ እንደ ቧንቧ ይወጣል። ቬንትራታ ላይ ሁለቱም ይታያሉ፦ ታቹ ያበጠ፣ ከመሐሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የላላ ወገብ፣ ከዚያ ወደ አፉ መልሶ ሰፋ የሚል። ርዝመቱ በደንብ ባደገ ተክል ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሁለት መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በአላታ ወገን ታችኛ ገንቦዎች ላይ እነዚህ ጠርዛቸው የተሸነሸነ ግልጽ ክንፎች ናቸው። ቬንትሪኮሳ ላይ ክንፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከፍ ያለ መስመር ብቻ ቀርቷል። በመደብሩ ተክል ላይ ትንሽ ፀጉር የመሰለ ሽንሽን ያለው ጠባብ ክንፍ፣ ወይም ባዶ መስመር ይገኛል። ይህ ምልክት ከገንቦ ገንቦ ስለሚለያይ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም።

ከዚያ ክዳኑ። ትልቁ መረጃ ያለው እዚህ ነው፣ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ፦ የኔፔንተስ ክዳን ዝንብ ሲገባ አይዘጋም። አንዴ ከተከፈተ ባለበት ይደርቃል፤ በጣት ወደ ኋላ ቢገፉት ከአንገቱ ይሰበራል። ስለዚህ ገንቦውን ራሱን በቀስታ አዘንብሎ፣ ወይም ትንሽ መስታወት ከከንፈሩ በላይ አስገብቶ፣ የክዳኑን ሆድ ማየት ነው። ስልክን ከሥር አድርጎ በፊት ካሜራው ፎቶ ማንሳትም ይሠራል። የሚፈለገው ክዳኑ ከአንገቱ ጋር በተያያዘበት አጠገብ፣ በመሐል መስመሩ ላይ ያለ ጉብታ ነው። በአላታ ወገን ጉብታው ጎልቶ ይታያል፤ ከጎን ሲያዩት እንደ ትንሽ መንቆር ወይም እንደ ጀልባ ሆድ ወጣ ያለ ነው። የቬንትሪኮሳ ክዳን ሆድ ግን ለጥ ያለ ነው። ጉዳያችን ላይ የሚገኘው ወይ ምንም፣ ወይ በጥፍር ካልዳሰሱት የማይታወቅ ፍንጭ ብቻ ነው። ካርዷ «አላታ» ብላ የክዳኑ ሆድ ለጥ ያለ ከሆነ፣ ከካርዷ ይልቅ ክዳኑን ማመን ይገባል።

ከንፈሩ በመጨረሻ ይታያል። የቬንትሪኮሳ ሰፋ ያለ፣ ጎላ ጎላ ያሉ ሽንትሮች ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ የአላታ ወገን ጠበብ ይላል። የቬንትራታ ከንፈር በሁለቱ መካከል ሆኖ ብርሃን ሲያገኝ ይቀላል።

ስለ ቀለም ደግሞ፣ ከምልክቶች ሁሉ ደካማው እርሱ ነው፤ ገዥው መጀመሪያ የሚያየው ግን እርሱኑ ነው። ያው ተክል ጥላ ውስጥ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ላይ ከአፉ ጀምሮ ቀይ ይሆናል፤ ላይኛ ገንቦዎቹም ከታችኞቹ ይልቅ ገርጣ ይላሉ። «የእኔ ቀይ ስለሆነ ሳንጉኒያ (ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ዝርያ) ነው» የሚለው ድምዳሜ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች

ከቬንትራታ ሌላ በዚያው መንጠቆ ላይ የሚሰቀሉ ጥቂት ተክሎች አሉ፤ ምርመራው እነርሱንም ማስወጣት አለበት። ኔፔንተስ ሳንጉኒያ ከማሌዥያ ባሕረ ገብ መሬት ተራሮች የመጣ ንጹሕ ዝርያ ነው፤ ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሰል፣ ገንቦው ወገብ የሌለው፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ነጠብጣብ ያለበት ነው። «ጋያ» ካሲያና የሚባለው ዝርያ ከሌላ ዲቃላ (ከቬንትሪኮሳና ከማክሲማ ከተወለደው) ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ ከቬንትራታ ጋር በጣም የሚምታታው እርሱ ሲሆን፣ የሚለየው ከንፈሩ ወደ አንገቱ ሲወጣ ሰፋ ብሎ ስለሚሞገድና ቀይ መስመር ስላለበት ነው። «ሚራንዳ» ትልቅና ጠቃጠቆ ያለበት፣ ክንፉ የተሸነሸነ፣ ከንፈሩ ባለመስመር ስለሆነ ካደገ አያሳስትም። አምፑላሪያ የሚባለው ዝርያ የገባባቸው እንደ «ሌዲ ላክ» ያሉት ደግሞ ድቡልቡልና አጭር ናቸው፤ ክዳናቸውም ጠባብ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጠረው «ፒቸር ፕላንት» የሚለው ስም ለሳራሴኒያም ሲሰጥ ነው። ሳራሴኒያ የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተክል ነው፤ ገንቦው ቅጠሉ ራሱ ሆኖ በቀጥታ ከመሬት ይነሳል፣ ጅማት የለውም፣ ግንድ አውጥቶ አይወጣም። ይህ ተክል ሙሉ ፀሐይ፣ ሳህን ላይ የቆመ ውሃ፣ በዓመትም ከሦስት እስከ አራት ወር ቀዝቃዛ የክረምት እንቅልፍ ይፈልጋል። የኔፔንተስ እንክብካቤ የተጻፈበት ካርድ ይዞ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሳራሴኒያ ቀስ በቀስ ይደክማል። እዚህ ላይ የስም ስህተት ተክል ይገድላል፤ አላታና ቬንትራታ መካከል ግን እንዲያ አይደለም።

በ2013 የተነቀነቀው መሬት

እስካሁን «የአላታ ወገን» እያልን የሄድነው በምክንያት ነው። ኔፔንተስ አላታም ኔፔንተስ ቬንትሪኮሳም ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት በ1837 ከዕፅዋት ተመራማሪው ፍራንሲስኮ ማኑኤል ብላንኮ ነው፤ ሁለቱም የፊሊፒንስ ተክሎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን «አላታ» የሚለው ስም እንደ ጆንያ እየሰፋ ሄደ፤ በደሴቶቹ ሁሉ የሚገኙ ተመሳሳይ ተክሎች ውስጡ ተጨመሩ። በ2013 የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ማርቲን ቺክና ማቲው ጄብ ጆንያውን ፈቱት። ትክክለኛው አላታ በሉዞን ደሴት ተወሰነ፤ በሰፊው የተሰራጨው ተክል ደግሞ የዕፅዋት ተመራማሪው ኤልመር በ1912 የሰጠው የቀድሞ ስሙ፣ ኔፔንተስ ግራሲሊፍሎራ፣ ተመለሰለት።

ስለዚህ የመደብሩ ካርድ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። ዲቃላውን ንጹሕ ዝርያ ብሎታል፤ የጠራው ወላጅም አሁን በሚታመነው መሠረት አላታ ሳይሆን ግራሲሊፍሎራ ነው። ቬንትራታ የሚለው ስም በ1979 ሲታተም ወላጁ አላታ ተብሎ ስለነበር፣ የቆዩ ካርዶችና ዝርዝሮች «አላታ በቬንትሪኮሳ» ቢሉ የዘመናቸውን ስያሜ ተከትለው ነው። ዲቃላው ሰው ሠራሽ ብቻም አይደለም፤ ሁለቱ ወላጆች አብረው በሚበቅሉበት በፊሊፒንስ ዱር ውስጥም ይወለዳል።

በዚህ ምክንያት እውነተኛ ንጹሕ ግራሲሊፍሎራ ወይም አላታ የሚፈልግ ሰው ከትልቅ መደብር ሳይሆን፣ እናት ተክሉ ከየት እንደተሰበሰበ መናገር ከሚችል የነፍሳት በል ተክል አሳዳጊ መግዛት አለበት። የሚጠየቁትም ሁለት ናቸው፦ «ከዘር ነው ወይስ ከክሎን (ከአንድ ተክል ከተባዛ ቅጂ)? የእናቱ መነሻ የት ነው?» ለዚህ መልስ የሌለው ሻጭ፣ ካርዱ ምንም ይበል፣ የሚሸጠው ስም እንጂ ዝርያ አይደለም።

ከአገር አገር ማጓጓዝ ሲነሳ ሁሉም ኔፔንተሶች በሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ የዱር ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት) ዝርዝር ውስጥ መሆናቸው ይታወስ፤ አብዛኞቹ በሁለተኛው፣ ራጃህና ካሲያና የሚባሉት ዝርያዎች ደግሞ ጥብቅ በሆነው በመጀመሪያው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፤ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞ መምጣት ያለ ፈቃድና ያለ የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይቻልም። ያም ሆኖ በሕጋዊ መንገድ ለገባና ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ቬንትራታ የአዲስ አበባ አየር የሚስማማው ነው፤ ለብ ያለ ቀን፣ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት፣ ከማዕድን ነጻ የሆነ የክረምት ዝናብ ውሃም በነጻ።

መለያው ላይ የሚጻፈው

ምርመራው ሲያልቅ እጅ ላይ የሚቀረው «ከቬንትራታ ጋር ይስማማል» የሚል ውጤት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ዲቃላን በመልክ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ቬንትራታ ከቬንትሪኮሳ ጋር ተመልሶ ቢዳቀል የሚወለደው ወደ አንዱ ያደላ ተክል በእነዚሁ ምልክቶች ሊያልፍ ይችላል። በተለይ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚጻፉ፣ አርቢዎች ለአንድ የተለየ ተክል ያወጧቸውን ስሞች፣ እንደ «ጋያ» ያሉትን፣ መልክ ብቻ አይቶ መለጠፍ ለቀጣዩ ባለቤት አዲስ የተሳሳተ ካርድ ማውረስ ነው።

የሚሠራው መለያ እንዲህ ያለ ነው፦ በአንዱ ገጽ «ኔፔንተስ፣ ቬንትራታ ይመስላል»፣ በሌላው ገጽ «አላታ ተብሎ የተገዛ፣ ከትልቅ መደብር» ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ከሥሩም የካርዷ ኮድ። በእርሳስ ቢጻፍ ይመረጣል፤ የማርከር ቀለም ፀሐይና እርጥበት ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ከተክሉ ሲቆረጥ፣ ቁራጩ ገና ሥር ሳያወጣ የዚያው መለያ ቅጂ ይሰካበት፤ አብዛኛው ስም የሚጠፋው ቁራጮች ባንድ ሳጥን ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው። ተክሉ ግንዱን አርዝሞ አበባ ካወጣ፣ ወንድ ከሆነ የአበባ ዱቄቱን በሙሉ ጫፉ ላይ ባለች ድቡልቡል ይዟል፤ ሴት ከሆነች መሐሏ ላይ አረንጓዴ እንቁላል መሰል አካል ይታያል። ጾታውም መለያው ላይ ይግባ፤ ዱቄት ለሚጠይቅ ሰውም ከዱቄቱ ጋር መለያው በሁለቱም ገጹ ተገልብጦ ይሰጠው።